በሁዳዴ ባንኮክ ሄጄ እናቴን ምን አበላኋት?

እናቴን ለሕክምና ባንኮክ ይዣት የሄድኩት ሁዳዴ ላይ ነው። ከሕክምናው ቀጥሎ ያስጨነቀኝ ምግቡ ነበር። እማዬ ታመሽ የለ፣ ይቅርብሽ ቢሏት ጾም የምትፈታ ሴት አይደለችም። በሁዳዴ ዓሣም አትነካም። የታይ ምግብ ደግሞ ዓሣ የሌለበት የሚመስለው ሁሉ ዓሣ አለበት።

እዚያ አገር በጨው ፋንታ የሚጨምሩት ናም ፕላ የሚባለውን ነው፤ ዓሣ በጨው ተከድኖ ለወራት ሲቀመጥ የሚወጣ ቡናማ ፈሳሽ። የአትክልት ጥብስ ብታዙም ይገባበታል። ከጥሬ ፓፓያ የሚሠራው ሶም ታም ሰላጣ ላይ እሱም አለ፣ የደረቀ ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳም አለ። አረንጓዴው ካሪ የሚሉት ወጥ በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ለጾም የተፈጠረ ይመስላል፣ ግን ቅመሙ ሲወቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ሽሪምፕ አብሮ ይወቀጣል። ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። ቬጀቴሪያን ነኝ ማለትም አያዋጣም፣ እንቁላልና ወተት ሊመጣ ይችላል።

የጠቀመን «ጄ» የሚሉት ነው። ከቻይና በመጡ ቡድሂስቶች በኩል የገባ የጾም አበሳሰል ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ በቀይ ይጻፋል፤ ታይኛ ለማያነብ ሰው ቁጥር 17 ይመስላል። እማዬን «ቢጫ ላይ 17 የሚመስል ካየሽ ንገሪኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁሌ ቀድማኝ የምታየው እሷ ሆነች። የቻይናዎቹ ሰፈር ያዋራት ብትሄዱ ደግሞ ብዙ ፍለጋ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የገባንበት ጄ ቤት ወጡ በትሪ በትሪ ተደርድሯል፣ በጣት ማሳየት ነው። ሩዝ ላይ ሁለት ዓይነት አስጨምረን በእነሱ ገንዘብ 60 ባት ከፈልን። እማዬ ሳህኑን አየችና ወደ እኔ ገፋችው። «ልጄ፣ ይሄማ ሥጋ ነው!» እውነቷን ነው፣ ቆዳው ሳይቀር የተጠበሰ ዳክዬ ነው የሚመስለው። ሻጯ ነገሩ ገባትና ወደ ጓዳ ገብታ ያልተጠበሰውን ይዛ መጣች፤ ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፍ ቢጫ ስስ ነገር፣ እንደ ጨርቅ የታጠፈ። እማዬ ተቀብላ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ አማተበችና መብላት ጀመረች። ያቺን ሴት ዛሬም ድረስ በደግ ነው የማስባት፣ ቋንቋ ሳንግባባ የእናቴን ጾም አክብራልናለች።

ጄ ቤት በማይገኝበት ሰፈርስ? ሆቴላችን ያለችውን ልጅ «ጄ ነው የምንበላው፣ ናም ፕላ፣ ሽሪምፕና እንቁላል አታድርጉበት» የሚል በታይኛ አስጽፌ ስልኬ ላይ ያዝኩት። ከአፍ ይልቅ ጽሑፉ ይሠራል፣ ምክንያቱም አስተናጋጁ ስልኩን ይዞ በቀጥታ ለምግብ አብሳዩ ያሳየዋል። እማዬ የምትበላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሆኑም ጠቀመን፤ የምሳ ግርግር አልፎ ስለሚሆን ረጋ ብለው ይሰሟችኋል። ትልልቆቹ ምግብ ቤቶች ግን በዚያ ሰዓት የሚዘጉ አሉና ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቃሪያውን በተመለከተ፣ በሚጥሚጣ ያደግኩ ነኝ ብላችሁ አትድፈሩ። ትንሿ የታይ ቃሪያ ሌላ ነገር ናት። «ማይ ፔት» በሉ፣ አታቃጥሉት ማለት ነው፤ ካነሰባችሁ የተፈጨ በርበሬ ጠረጴዛው ላይ አለ። ቶም ያም ሾርባ ውስጥ የምታገኙት እንጨት መሳይ ነገር ጠጅ ሳር ነው፣ ለሽታው ነው የገባው፣ አይበላም፣ ዳር አድርጉት። ሩዝ የሚበላው በማንኪያ ነው፣ ሹካው ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው። የቻይናዎቹን መብያ እንጨት ካልሰጡን ብላችሁ አትጨነቁ፣ እሱ በአብዛኛው ለኑድል ነው።

ጣፋጭ ካማራችሁ፣ ሁዳዴ ከማንጎ ወቅታቸው ጋር ይገጥማል። በኮኮናት ወተትና በስኳር የራሰ የሚጣበቅ ሩዝ ከበሰለ ማንጎ ጋር ያቀርቡላችኋል፣ የጾም ነው። እማዬ ከሆስፒታል በወጣን ቁጥር እሱን ነበር የምትለኝ። እንደ ወርቅ ክር የሚያብረቀርቀውን ጣፋጭ ግን እለፉት፣ የእንቁላል አስኳል ነው።