«ሞተሩ ይቀየራል» ከተባልኩ በኋላ

መኪናዋን አዲስ ገዝቻት ገና ስምንት ወሯ ነበር። የሄደችው 11,400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሳስነሳት ከሞተሩ ታችኛው ክፍል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነዳጅ ስረግጥ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ይጠፋል።

ወደ ሻጩ ድርጅት ሰርቪስ ክፍል ወሰድኳት። እስክደርስ ሞተሩ ሞቋል፣ ድምፁም የለም። የተቀበለኝ ባለሙያ ትንሽ አዳመጠና «ጤነኛ ናት፣ ይውሰዷት» አለኝ። ይዣት ተመለስኩ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር። መኪናዋን ማምጣቴንና ያልኩትን ነገር የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ ሳልቀበል ወጣሁ። በኋላ «መቼ ነው የነገሩን?» ስባል በእጄ ምንም አልነበረም።

ለሁለተኛው ጊዜ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ቪዲዮው ዳሽቦርዱ ላይ ካለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ይጀምርና ሳይቋረጥ እስከ ሞተሩ ይደርሳል። መኪናዋም እዚያው አድራ፣ ጠዋት በቅዝቃዜዋ ራሳቸው እንዲያስነሷት ጠየቅኩ። ሰሙት። የሥራ ማዘዣው ላይ «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ድምፅ አለው» ተብሎ ተጻፈ፣ ኮፒውን ወሰድኩ። ለምርመራ የሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረልኝ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ዳገት ላይ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ዳር ይዤ ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ጋራዥ ልድረስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እባካችሁ አትሞክሩት። የዘይት ግፊት ከሌለ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ሞተሩን ለመጨረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ደግሞም መብራት እየበራ መንዳት «ጥፋቱ የባለቤቱ ነው» ለማለት በር ይከፍታል። መጎተቻ ጠርቼ አስወሰድኳት፣ ሰዓቱ የተጻፈበትን ደረሰኝም አስቀመጥኩ።

ከዚያ የሰርቪስ ታሪክ ተጠየቅኩ። የመጀመሪያውን ዘይት ያስቀየርኩት ቤቴ አጠገብ ባለ ጋራዥ ነው። የዋስትና ደብተሬን ሳነብ ይህን የሚከለክል ነገር የለበትም። የሚጠይቀው ትክክለኛው ዘይት በጊዜው መቀየሩን ነው። ደረሰኜ ላይ ግን ያለው «ዘይት ቅያሪ» የሚል ብቻ ነበር። የዘይቱ ዓይነት የለም፣ ኪሎ ሜትሩ የለም። ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ደግነቱ ባለቤቱ መዝገብ ይይዙ ነበር። የዘይቱን ደረጃ፣ የፊልትሮውን ቁጥርና ኪሎ ሜትሩን ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። ያቺ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አልፈልግም። ዛሬ ደረሰኝ ስቀበል ሦስቱም ነገሮች መጻፋቸውን ሳላይ ከጋራዥ አልወጣም።

የዘይት ፊልትሮውን ቀደው ሲከፍቱት እጥፋቶቹ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ሞልቷል። ፎቶ እንዳነሳ ፈቀዱልኝ። የአንዱ ቢዬላ ብሮንዚን፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ የሚዞርበት ስስ የብረት ልባስ፣ ተበልቶ አልቋል።

አዲስ ሞተር እንዴት እንዲህ ይሆናል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሀዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ 470 ሺህ ያህል ሶናታ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ዋናው ዘንግ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት ውስጡ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነው፤ ዘይቱ ወደ ብሮንዚኖቹ እንዳይደርስ ይዘጋዋል። የኔዋ የዚያ ድርጅት ምርት አይደለችም። ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ በሻንሲ ቁጥሯ እንዲህ ያለ ጥሪ ወጥቶ እንደሆነ አጣራሁ። አልወጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። «አምራቹ ፈቅዷል፣ ሞተሩ ይቀየራል» ተባልኩ። ደስ አለኝ፣ አመስግኜ ልዘጋ ነበር። ግን አንድ የማውቃቸው አንጋፋ መካኒክ ቀደም ብለው ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ «ዘይቱ የሄደበት ቦታ ሁሉ ብረቱም ሄዷል።»

ስለዚህ «ሞተሩ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሊቀይሩ ያሰቡት የታችኛውን ክፍል ብቻ ነበር፤ ብሎኩን፣ ክራንክሻፍቱንና ፒስተኖቹን። የላይኛው ክፍል፣ ቱርቦውና የዘይት ማቀዝቀዣው ከአሮጌው ተፈትተው ይገጠማሉ። ይህ አሠራር በራሱ ስህተት አይደለም። ብሎክ ብቻ ተቀይሮላቸው በሰላም የሚነዱ አሉ። የብረት ብናኝ በዘይቱ ከተሰራጨ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉት፣ እዚያ የገባ ብናኝ ታጥቦ ወጥቷል ብሎ ማረጋገጥ ከባድ ነው። የቀረው ደግሞ ተመልሶ አዲሱን ብሮንዚን ይበላል።

ይህን በትህትና ጻፍኩላቸው፣ የፊልትሮውን ፎቶ አያያዝኩ። መልስ ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ቱርቦውና ማቀዝቀዣው በአዲስ እንዲተኩ፣ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ተጠርጎ እንዲፈተሽ ተስማሙ። የዕቃዎቹ ቁጥር የተዘረዘረበት ወረቀትም ሰጡኝ። በዚያው አጋጣሚ ለአዲሱ ሞተር ዋስትናው ከየት እንደሚቆጠር ጠየቅኩ። ከመኪናዋ ዋስትና የቀረው ጊዜ ነው እንጂ እንደ አዲስ አይጀምርም። ቅር ቢለኝም ቀድሜ ማወቄ ጠቅሞኛል።

ሁሉም ተደምሮ ሰባት ሳምንት ቆየሁ። ተለዋጭ መኪና ያገኘሁት የዋስትና ደብተሩ ላይ መብት መሆኑን አሳይቼ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

ስረከብ አልቸኮልኩም። አዲሱን የሞተር ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁ። የባለቤትነት ደብተሬ ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ እሱንም አሳረምኩ። ይህን የረሳ ሰው መኪናውን ሲሸጥ ይጨነቃል። ሞተር ሲወጣ ብዙ ቱቦና ሽቦ ስለሚነካ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቆምኩበትን መሬት በየጠዋቱ አይ ነበር። በአራተኛው ቀን የራዲያተር ውሃ ጠብታ አገኘሁ። ያልጠበቀ የቱቦ ማሰሪያ ነበር፣ በአሥር ደቂቃ ተስተካከለ።

የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ነዳሁ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው አልረገጥኩም፣ ረጅም መንገድ ላይም በአንድ ፍጥነት አልቆየሁም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ ወጪ ዘይቱን አስቀየርኩ። ፊልትሮው እፊቴ እንዲቀደድ ለመንኩ። ውስጡ ያለውን የማጣሪያ ወረቀት ዘርግተን በባትሪ ብርሃን አየነው። ንጹሕ ነበር።

አሁን 19,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ። በወር አንዴ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘይቱን እለካለሁ፤ ከዚያ አስነስቼ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ዛሬም ቀረጽኩ። የሚሰማው የሞተሩ እኩል ድምፅ ብቻ ነው።