ጀልባዬ ስትሰረቅም ስትገኝም ለማን ለማን አመለከትኩ

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዓሣ የማጠምድባት ትንሽ ጀልባዬ ከነተጎታቿ ስትሰረቅ ወዲያው ፖሊስ ጠራሁ። ፖሊስ መጥራትን ማንም አይረሳም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እዚህ አገር ጀልባ ያላቸው ወገኖቻችንም ቢሆኑ ብዙዎቹ አያውቁትም። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ፣ የተመዘገበች ጀልባ ስትሰረቅ ባለቤቱ በ15 ቀን ውስጥ ለመዘገባት መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ያዛል። ስትገኝም እንደዚሁ 15 ቀን አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ጀልባን የሚመዘግበው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ነው። ተጎታቿ ግን የራሷ ታርጋ ስላላት ጉዳይዋ የሚታየው መኪና በሚመዘገብበት ቢሮ ነው። ሁለቱንም ጋ በጽሑፍ አመልክቼ የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር አያያዝኩ። ለኢንሹራንሱም በዚያው ቀን ነገርኩ።

ፖሊሱ አጥብቆ የጠየቀኝ የመለያ ቁጥሯን ነው። ልክ እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር ማለት ነው፤ 12 ፊደልና አኃዝ አለው፤ መጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፋብሪካውን፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራችበትን ወርና ዓመት፣ የሞዴሏንም ዓመት ይናገራሉ። ከኋላዋ በስተቀኝ፣ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ታገኙታላችሁ። በፈረንጆቹ ከነሐሴ 1984 ወዲህ የተሠሩ ጀልባዎች ደግሞ ያንኑ ቁጥር ከውስጥ በተሸሸገ ቦታ እንዲይዙ ሕጉ ያስገድዳል። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። ጀልባዋ ስትገኝ የውጪው ተፍቆ፣ ሞተሩ ተነቅሎ ነበር፤ የእኔ መሆኗ የታወቀው በውስጠኛው ቁጥር ነው። የሁለቱንም ፎቶ ቀድሜ አንስቼ ስለነበር ክርክር አልገጠመኝም። የተፋቀውን ራሴ ልጻፈው አላልኩም፤ ያለፈቃድ መቀየሩ ክልክል ነውና መዝጋቢውን ጠየቅሁ።

ስትገኝ ሰው ደስ ይለውና ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ከስርቆቱ ይልቅ መገኘቷን ማስመዝገብ ይበልጣል ባይ ነኝ። የኤፍቢአይ ብሔራዊ መረጃ ቋት ለተሰረቁ ጀልባዎች የራሱ መዝገብ አለው። ስሟ ከዚያ ካልተነሳ፣ ውሃ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ ቁጥሯን ሲያጣራ «የተሰረቀች» የሚል ይመጣለታል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እያለ በገዛ ጀልባችሁ እንደ ሌባ ልትያዙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሪፖርቱን የተቀበለኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ መዝገቡ መነሳቱን የሚገልጽ ወረቀት ካልሰጣችሁኝ አልኩ። ወረቀቱን ከምዝገባው ጋር ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጌ ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ኢንሹራንሱ ገና አልከፈለኝም ነበር። ከፍሎኝ ቢሆን ኖሮ የተገኘችው ጀልባ የእሱ ትሆን ነበርና፣ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ውሉ ስለዚህ ምን እንደሚል አንብቡ።

ሞተሩ የራሱ ሴሪያል ቁጥር አለው፤ እስካሁንም አልተገኘም። የጀልባዋን መዝገብ ሲያነሱ የሞተሩን አብረው እንዳያነሱት ለይቼ በጽሑፍ ጠይቄ፣ የሞተሩ ጉዳይ ክፍት እንደሆነ አረጋግጠውልኛል።