ቦሌ፣ ዛሬ ማታ

ዛሬ የጎረቤታችንን ልጅ ልሸኝ ቦሌ ኤርፖርት ሄጄ ነበር። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ነው የምትሄደው። እናቷ ከወልድያ ድረስ መጥተዋል። በፌስታል የቋጠሩትን ዳቦ ቆሎ ሻንጣው ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ መልሰው ከተቱ።

«አይዞዎት እትዬ፣ እሷ እኮ በሕጋዊ መንገድ ነው የምትሄደው» አልኳቸው።

«ታላቋ በባሕር ነው የሄደችው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጥቅምት 2006 ላይ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን መለሰች። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ልጆቹ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም። በጅቡቲ ዞረው፣ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግረው፣ ጦርነት ውስጥ ባለችው የመን በኩል አለፉ። በሩ ሲዘጋ የከበረው ደላላው ነው። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሌላም አለ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ይቺ ልጅ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። ከእሷ ቀበሌ ስንት ወጣት እንደወጣ፣ ስንቱ እንደቀረ በምን እንወቅ? ሳንቆጥር ለማን ሥራ እናቅዳለን?

ልጅቷ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ታክሲ ልጥራ ስላቸው እትዬ መስታወቱን ተደግፈው፣ «ትንሽ እንቆይ ልጄ፣ ድንገት ዞር ብትል» አሉኝ።

ቆየን።