የፋይበር ሪሲቨር አምፕሊፋየሬ የት ደረሰ?

ሰላም ወገን፣ ከባሕር ዳር። ከፋይበር ኦፕቲክ መስመር የሚመጣውን ደካማ ምልክት ስለሚያጎላው አምፕሊፋየሬ ለጠየቃችሁኝ፣ እስካሁን ያለው ሲሙሌሽን ብቻ ነው። በ2020 በነፃ የተለቀቀውን የቺፕ አምራቹን የስካይዋተርን 130 ናኖሜትር የትራንዚስተር ሞዴል ኤንጂስፓይስ በሚባለው የሰርኪዩት ሲሙሌሽን ሶፍትዌር አስኬዳለሁ። ፖሊ አካባቢ መብራት መጣ ሄደ ስለሚል ረጃጅሞቹን ሲሙሌሽኖች ከፋፍዬ ነው የምለቃቸው።

በ1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ጥሩ ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ጅረት የሚቀይር ክፍል) ላይ 10 ማይክሮዋት ብርሃን ሲያርፍ የሚወጣው ጅረት 10 ማይክሮአምፒር ገደማ ነው። እሱን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው ትራንስኢምፒዳንስ አምፕሊፋየር ላይ ነው ጣጣው ሁሉ ያለው። ኢላማዬ በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ነው። እንደተለመደው የዚህን 0.7 ስትወስዱ ባንድዊድዙ (አምፕሊፋየሩ የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) 1.75 ጊጋኸርዝ ይሆናል።

የመረጥኩት ተራ ኢንቨርተር (ኤንሞስና ፒሞስ የሚባሉ ሁለት ትራንዚስተሮች የተያያዙበት ሰርኪዩት) ነው፣ ከመውጫው ወደ መግቢያው ፊድባክ ሬዚስተር የዞረበት። ያው አንድ ጅረት በኤንሞሱም በፒሞሱም ስለሚያልፍ የሁለቱ ትራንስኮንዳክታንስ (የመግቢያ ቮልቴጅን ወደ ጅረት የመቀየር አቅም) ይደመራል። በአንድ ቲኬት ሁለት ሰው ማሳፈር በሉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ የትራንዚስተሩ ስፋት። የትራንዚስተሩ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ከፎቶዳዮዱ ጋር እኩል ሲሆን የቻነል ኖይዙ (ትራንዚስተሩ ራሱ የሚፈጥረው ረብሻ) ዝቅተኛ ይሆናል፣ ልክ ነው። ግን ያ ነጥብ ዙሪያው ሜዳ ነው! ፎቶዳዮዱን ከፓዱ (ቺፑ ላይ ሽቦ ከሚያያዝበት ቦታ) ጋር 200 ፌምቶፋራድ ብዬ ትራንዚስተሩን ወደ 100 ሳወርደው፣ የጅረቱ ዴንሲቲ (ጅረቱ ለትራንዚስተሩ ስፋት ሲካፈል) እንዳለ ከሆነ፣ ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቻነል ኖይዙ ኃይል ግን የሚጨምረው 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ነፃ ስጦታ ነው። በዚያ ላይ መግቢያው ላይ ያለው ጠቅላላ ካፓሲታንስ ከ400 ወደ 300 ስለሚወርድ፣ ለዚያው ባንድዊድዝ የሚያስፈልገው የመግቢያ ሬዚስታንስ ከ227 ወደ 303 ኦም ገደማ ይወጣል። የኢንቨርተሩ ጌይን (ቮልቴጁን የሚያጎላበት እጥፍ) 9 ከሆነ የፊድባክ ሬዚስተሩን 3 ኪሎኦም ማድረግ ይቻላል ማለት ነው፤ ሬዚስተሩ ሲተልቅ ደግሞ የራሱ ኖይዝ ይቀንሳል።

ኢንዳክተር (ጥምዝ ሽቦ) ጨምር የምትሉኝ አላችሁ። ባንድዊድዝ እንደሚያሰፋ አውቃለሁ፣ ግን በዚህ ፍጥነት አንዱ ብቻ ከሰርኪዩቱ በሙሉ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ይቅርብኝ።

የኢንቨርተር ክፉ ጎኑ ሰፕላዩ (የኃይል ምንጩ) ላይ ያለውን ረብሻ በቀጥታ ማሳለፉ ነው። ለዚህ የአምፕሊፋየሩን ፎቶዳዮድ የሌለው መንትያ ጎኑ አስቀምጬ ልዩነታቸውን ልወስድ አስቤያለሁ፣ ግን የጅረቱ ወጪ እጥፍ ሊሆን ነው። በአነስተኛ ጅረት የሚሠራ ሬጉሌተር (የሰፕላዩን ቮልቴጅ የሚያረጋጋ) ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ፒሞሱንስ ከኤንሞሱ ስንት እጥፍ ታሰፉታላችሁ?