ሌጎ በረዶ ላይ የተፈላ ቡና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

እዚህ ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ፣ በረዶው ጉልበት ደርሷል። ሳሎናችን ውስጥ ደግሞ ሌላ በረዶ አለ። እሱ አይቀልጥም፣ ጣት አያደነዝዝም። ከልጆቼ ጋር ከሌጎ፣ ከሚገጣጠሙት የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች፣ የሠራነው ነው።

ዘንድሮ አምስተኛ ዓመታችን ነው። ኅዳር ሲጋመስ የሌጎ ሰፈር ልንሠራበት የምግብ ጠረጴዛውን ግማሽ እንይዛለን፤ እስከ ታኅሣሥ 29 ማንም አይነካውም። እዚህ ገና ሁለቴ ይመጣል። አንዱ ዲሴምበር 25፣ የእኛው ጃንዋሪ 7። በመሐል ያሉትን 12 ቀናት ልጆቼ ከዓመቱ ሁሉ አብልጠው ይወዷቸዋል። የጎረቤቶቻችን የገና ዛፍ መንገድ ዳር ወጥቶ ሲጣል የእኛ ሰፈር ገና እየተሠራ ነው።

ሰፈሩን ላሳያችሁ። ጥግ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ግራጫ ጢስ ይወጣል። ደጁ ላይ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል። ውስጥ ግን ቤት አልተቃጠለም። አንዲት ሴት ቡና እየቆላች ነው። ነገሩ ገብቷችኋል አይደል? ቡና ሲቆላ ወንበር ላይ ወጥቶ የሚጮኸውን የጢስ መጠቆሚያ በፎጣ ያላራገበ ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መጡ፣ አዩ፣ ግን አልሄዱም። ሦስቱም ደጅ ላይ፣ በረዶው መሐል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲኒ ይዘዋል። አንደኛው የራስ ቁሩን አውልቆ ፈንዲሻ ሞልቶበታል። ፈንዲሻው ነጫጭና ክብ የሆኑት በጣም ትንንሽ ሌጎዎች ናቸው። ታላቋ ልጄ "አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጨርሱ አይነሱም" ብላ ወስናለች። ጀበናዋ ሁለት ምሽት ፈጀችብን። ተዘጋጅታ የምትሸጥ የሌጎ ጀበና አላገኘንምና ከጥቁር ክብ ጡብ ሠርተን፣ በትንሿ የሌጎ ቧንቧ አፍ አወጣንላት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሰፈሩ ሁሉ የምኮራባት እሷ ናት።

ከቤቱ ማዶ አንድ ሰውዬ በአካፋ መኪና እየቆፈረ ያወጣል። ላቡ እስኪንቆረቆር ለፍቷል። መኪናው ግን የጎረቤቱ ነው፤ የእሱ ከኋላው እንደተቀበረ ነው። ጎረቤትየው በመስኮት ሻይ ይዞ ያያል። ዝም ብሎ።

ከዚያ ሐይቁ አለ። ሚኔሶታ የበረዶ ሆኪ አገር ናት፤ ሐይቅ ሲጋግር ልጆች ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኛም ዱላ እንይዛለን፣ ሩር እንመታለን፣ ገና እንጫወታለን። ሁለቱን ጨዋታ ሐይቁ ላይ አገናኘናቸው። በአንድ በኩል የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ያደረጉ ልጆች፣ በሌላው በኩል የእኛዎቹ። ሩሯን ውሻ ነጥቆ እየሮጠ ነው፤ ሁለቱም ቡድን ይከተለዋል። መሐል ላይ ዘውድ የደፋ አንድ ትልቅ ሰው በጀርባው ወድቆ እግሩን ሰማይ ሰቅሏል። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ልጆቼ ይህን አባባል የተማሩት ከዚህ ወድቆ ከሚስቅ ሰውዬ ነው።

በረዶ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ ነጭ ጡብ መደርደር ነው ትላላችሁ። አይደለም። እውነተኛ በረዶ ሜዳ ላይ እንኳ እኩል አይተኛም። አጥር ሥር ይከመራል፣ ጣሪያ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ምስጢሩ ስሶቹ ሌጎዎች ላይ ነው። ሦስት ስስ ተደራርቦ የአንድ መደበኛ ጡብ ቁመት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቦታ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት እያደረግን መሬቱን እናወዛውዘዋለን። ሐይቁ ላይ አናታቸው ልሙጥ የሆኑትን እናነጥፋለን። ያገለገለ ሌጎ በከረጢት ስንገዛ ደግሞ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ያለ ነጭ ጡብ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ለይቼ ላስቀምጠው ስል ትንሹ ልጄ ከለከለኝ። "ይሄ እኮ መንገድ ዳር ያለው በረዶ ነው" አለ። ልክ ነበር! ጨውና ጭቃ የነካው፣ መኪና ገፍቶ የከመረው በረዶ ቁርጥ እሱን ይመስላል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቢጫ ጡብ ጥለን አናውቅም።

ከእነዚያ ከረጢቶች የሚወጡት አንዳንዶቹ ከእኔ በፊት የተሠሩ ናቸው። ግን ከአዲሱ ጋር ጠቅ ብለው ይገጥማሉ። አሁን የምናውቀው፣ ከሥሩ ቱቦ ያለው ጡብ፣ የፈጠራ መብቱ የተጠየቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው። ከዚያ ዓመት የተረፈ ጡብ ዛሬ ከተገዛው ጋር ይያያዛል።

የጀማሪውን ታሪክ ለልጆቼ ሳልነግራቸው አላለፍኩም። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በዴንማርክ፣ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ መንደር አናጢ ነበር። እ.ኤ.አ. 1932 ክፉ ዓመት ሆነበት። በዓለም ኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ቤት የሚያሠራ ሰው ጠፋ። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሞተች። አራት ወንዶች ልጆች ይዞ ቀረ። ይህ ሰው በዚያ ጊዜ እንጨት ጠርቦ መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅቱን ሌጎ አለው፤ በዴንማርክ ቋንቋ "በደንብ ተጫወት" ከሚሉ ሁለት ቃላት የወጣ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ሐዘን የገባበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለልጅ የሚሆን ደስታ መጥረብ!

እኔ እዚህ አገር ስመጣ በረዶን ጠላሁት። ልጅ ሆኜ በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ ሮጠን ወጥተን ለቅመን የምንበላው ነበር። እዚህ ያገኘሁት ግን ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ጠዋት ከቤት አያስወጣም። የመጀመሪያውን ክረምት መጋረጃ ዘግቼ ነው ያሳለፍኩት። ያን በረዶ ጠረጴዛ ላይ አሳንሼ፣ ሰው ተክዬበት፣ ቡና አፍልቼበት ነው የለመድኩት። አሁን ከሥራ ስመለስ ቆም ብዬ የጎረቤቴን ጣሪያ አያለሁ። የቱ ጋ ወፍሮ የቱ ጋ እንደሳሳ አያለሁ።

ለዚህ ነው በዚህ በዓል የምለምናችሁ። ሁለት ሥራ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። በበዓል ቀን እንኳ ፈረቃ አለባችሁ። ግን ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ምሽት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሌጎ ባይኖር ካርቶን አለ፤ ካርቶን ባይኖር ገበጣ አለ። ልጅ የሌላችሁ ደግሞ ለራሳችሁ ተጫወቱ። ዘንድሮ ብቻችሁን የምትውሉ፣ በተለይ እናንተን አስባችኋለሁ። በዓሉ የሰላም ይሁንላችሁ።

ትናንት ማታ ደሴ ላለችው እናቴ ሰፈሩን በቪዲዮ አሳየናት። እንዲህ ያለውን በረዶ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጀበናዋን ስታይ እልል አለች። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ብዙ አየቻቸው።

"እነዚህን ልጆች ብርድ ላይ አስቀምጣችሁ ጋቢ የለም እንዴ?"

ታላቋ ልጄ ሮጣ ያረጀ ጋቢ አመጣች። ከጫፉ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ቁራጮች ቆረጠች፣ ለሦስቱም አለበሰቻቸው። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ደስ አላት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ማዶ ሄደ።

"ያ አካፋ የያዘውስ?"

ልጄ መቀሱን መልሳ አነሳች።