ስንዴው ቢያልቅ ማዳበሪያው አለ

ወሎን በሥዕል አሳያለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ የባቲን ገበያ ወይ የአምባሰልን ተራራ ይመርጣል። ሁለቱም ያምራሉ። እኔ ግን ከጋዜጣ ቁርጥራጭ ጋር አገጣጥሜ ለምሠራው ሥዕል የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ማዳበሪያ መረጥኩ። ደሴ ላይ ስንዴው ከተበላ በኋላ እህል ይቋጠርበታል፣ ከሰል ይሸጥበታል፣ የሚያፈስ ጣራ ይሸፈንበታል። ለሽያጭ እንደማይውል የሚናገረው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ፀሐይ እያደበዘዘውም ይነበባል።

ማዳበሪያ ኮላ አይወድም። የተሸመነው ከፕላስቲክ ክር ስለሆነ ኮላው ሲደርቅ እየተላጠ ይነሳል። መፍትሔው መስፋት ነው። አራዳ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወስጄ «ይቻል ይሆን?» ስላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ይሰፋል። ስንዴው አለቀ እንጂ ይህ መች ያልቃል!» አሉኝ። የሥራውን ርዕስ ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው።

ጋዜጣ ሌላ ጠባይ አለው። ርካሽ ወረቀት ስለሆነ ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆናል። እንዲያረጅ የምፈልገውን ክፍል በዋናው ጋዜጣ፣ እንዲቆይ የምፈልገውን ፊት በፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። ነጩን የአናጢ ኮላ በውኃ አቅጥኜ ከላይም ከታችም እቀባና በጣውላ እጫነዋለሁ። ቁሳቁሱን ሳልደብቅ መጠቀምን የተማርኩት ከሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሥራዎች ነው፤ እርሱ ዘንድ የልብስ ቁልፍ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሽቦ መሆኑ አይጠፋም።

ከሁሉ የከበደኝ ምኑን ከምኑ አጠገብ ላድርግ የሚለው ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው፤ ጉልበቱ ግን ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። መቀሱን የያዘው ደርግ ነበር። ያው ደርግ መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር።

ስለዚህ ግብዣውን በግራ፣ ሰልፉን በቀኝ አደረግኩ፤ መሐሉን ባዶ ማዳበሪያ ያዘው። የተራቡ ሰዎችን ፎቶ አልለጠፍኩም። እነዚያ ሰዎች ለብዙ ዓላማ ታይተዋል፣ እኔ ደግሞ ማሳየት አላሻኝም። መፈክርም አልጻፍኩም፤ መፈክር ሲገባ ተመልካቹ አንብቦ ያልፋል፣ ስፌቱን አያይም።

ወዳጆቼ መስታወት ግጠምለት ይሉኛል። አልገጥምም፤ ሰው ቀርቦ ክሩን በጣቱ ቢነካው ደስ ይለኛል። አቧራው ያስቸግራል፣ እርሱን በደረቅ ብሩሽ አራግፈዋለሁ።