ኃይሉ ሲቀነስ የተሻለው ዋይፋይ

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባለ አራት ፎቅ እንግዳ ማረፊያን ዋይፋይ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ቅሬታው አጭር ነው፤ ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሠራም። በየፎቁ ኮሪደር ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋዩን የሚያሰራጩ መሣሪያዎች) ተሰቅለዋል፤ ለዚያ ሕንፃ ከበቂ በላይ ነው። ቅንብሩን ስከፍት የስምንቱም የማሰራጫ ኃይል እስከ መጨረሻው ተለቅቋል፤ መሣሪያዎቹ ከሚያሰራጩባቸው ሁለት የሞገድ ክልሎች፣ ከ2.4 እና ከ5 ጊጋኸርዝ፣ በ2.4ቱ በኩል ደግሞ አምስቱ ቻናል 6 በሚባለው አንድ የሞገድ መስመር ላይ ተደራርበዋል። ኃይሉን እንዲያ የለቀቀውን ባለሙያ ለመውቀስ አልደፈርኩም፤ እኔም ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት ቅሬታ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምነካው እሱኑ ነበርና።

ስህተቱ የሚመነጨው አክሰስ ፖይንትን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ከመቁጠር ይመስለኛል። ሬዲዮ ጣቢያ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም፤ አክሰስ ፖይንት ግን ለላከው መረጃ ከስልኩ የመድረሻ ማረጋገጫ መስማት አለበት። እሱ በ23 ዲቢኤም (ዲቢኤም የማሰራጫ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ማለትም በ200 ሚሊዋት ሲጮህ፣ በባትሪ የሚሠራው ስልክ ብዙውን ጊዜ የሚመልስለት ከ15 ዲቢኤም ወይም ከ30 ሚሊዋት ብዙም በማይርቅ ድምፅ ነው። በግድግዳው ማዶ ያለው እንግዳ ሙሉ ሲግናል እያየ ምላሹ ስለማይሰማለት፣ ያው መረጃ እየተደጋገመ ይላካል፤ ድግግሞሹም የሌሎቹን ተራ ይበላል። ከዚህም ሌላ አክሰስ ፖይንት መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ስልኩ ራሱ ስለሆነ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ የተያያዘ ስልክ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶም የታችኛውን እየሰማ አልለቅም ይላል።

ስለዚህ 2.4 ጊጋኸርዙን ወደ 11 ዲቢኤም፣ 5 ጊጋኸርዙን ደግሞ ወደ 17 ዲቢኤም አወረድኩ። በየ3 ዲቢው ኃይሉ በግማሽ እንደሚቀንስ ለሚያስብ ሰው ቅነሳው ያስደነግጣል፤ የማረፊያው ኃላፊም «የባሰውን አመጣህ» ሳይሉኝ አልቀሩም። ሁለቱን እኩል ያላደረግኋቸው፣ የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ይበልጥ ስለሚዳከምና ስልኮች ግን እሱን እንዲመርጡ ስለፈለግሁ ነው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ የቻናሎቹ ርቀት 5 ሜጋኸርዝ፣ የአንዱ ስፋት ግን 20 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። «ባዶ ነው» ብሎ ቻናል 3ን ወይም 9ን መምረጥ ከመደራረብም የከፋ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ተደማምጠው ተራ ይጠብቃሉ፣ በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ይሆናሉ። ሦስት ቻናል ለስምንት ስለማይበቃ በየፎቁ የአንዱን አክሰስ ፖይንት 2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ዘጋሁት። በ5 ጊጋኸርዝ ስፋቱን ከ80 ወደ 40 ሜጋኸርዝ አጥብቤ፣ ቻናል 36ንና 149ን ለአንደኛና ለሦስተኛ ፎቅ፣ 44ንና 157ን ለሁለተኛና ለአራተኛ ሰጠኋቸው። ከ52 እስከ 144 ያሉትን አልነካሁም፤ በእነሱ ላይ መሣሪያው ራዳር የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ለ30 ደቂቃ ትቶ መሄድ አለበት።

ቻናል በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውንም ቅንብር አጠፋሁት። በእኛ አገር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስምንቱም እኩል ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ሌሎቹ ገና ዝም ባሉበት ቅጽበት አየሩን አዳምጦ ሁሉም ያንኑ ቻናል ሊመርጡት ይችላሉ። አምስቱ ቻናል 6 ላይ የተገናኙት በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

የቀረው የዝቅተኛ ፍጥነቶች ጉዳይ ነበር። አክሰስ ፖይንት የእያንዳንዱን ኔትወርክ ስም በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል ያውጃል፤ አዋጁም የሚነገረው ከተፈቀዱት ፍጥነቶች በዝግተኛው ነው። አራት የኔትወርክ ስሞች በ1 ሜጋቢት ሲታወጁ አየሩ ገና እንግዳ ሳይገባ ይጣበባል። ስሞቹን ወደ ሁለት ቀንሼ ከ12 ሜጋቢት በታች ያለውን ሁሉ ዘጋሁ። በማግስቱ ግን ከእንግዳ መቀበያው ተደወለልኝ፤ 802.11ቢ የተባለውን፣ በዘጋኋቸው ዝቅተኛ ፍጥነቶች የሚሠራውን የድሮ ዋይፋይ ዓይነት ብቻ የሚያውቅ አንድ አሮጌ ፕሪንተር እንደነበራቸው ማንም አልነገረኝም ነበር። አሁን በኬብል ይሠራል።